የተበተነ ወጨፎን በቤት ውስጥ ስለ መገጣጠም

ጥያቄውን ያቀረቡት በአሜሪካ ቨርጂኒያ የሚኖሩ ወገናችን ናቸው። ከኢትዮጵያ መጋዘን ወጥቶ አሜሪካ የገባ አንድ አሮጌ ወጨፎ ጠመንጃ ከነጋዴ ገዝተዋል። ሣጥኑን ሲከፍቱት ጠመንጃው ግማሽ በግማሽ ተፈትቷል። አፈሙዙ ቀይ ዝገት ለብሷል፤ የሰደፉ አንገት ተሰንጥቆ በጠፍር ተጠፍሯል፤ ሁለት ብሎኖች የሉም። አያታቸው የዚሁ ዓይነት ጠመንጃ ስለ ነበራቸው ራሳቸው በቤታቸው ምድር ቤት አጽድተው፣ ገጣጥመው፣ ሳሎን ሊሰቅሉት ይፈልጋሉ። የሚጠይቁት ሦስት ነገር ነው፦ ምን ዓይነት መሣሪያ ያስፈልገኛል? እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ፣ ብረቱን አጥቁሬ እንደ አዲስ ላድርገው ወይ? የካቲት 23 ቀን ከልጄ ጋር አንድ ጥይት ብቻ ብተኩስበትስ?

የመጨረሻውን በመጀመሪያ ልመልስ፤ አይተኩሱበት። ምክንያቱን ወደ ኋላ አስረዳለሁ። ስለ መፋቁም መልሴ ያው ነው፤ አይፋቁት። ማጽዳቱንና መገጣጠሙን ግን በደስታ አብሬዎት እሄዳለሁ። ትዕግሥት ካለዎት በምድር ቤትዎ ሊሠሩት የሚችሉት ሥራ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን በውስጡ ጥይት እንደሌለ ያረጋግጡ። «ከነጋዴ የመጣ ነው፣ ስንት እጅ አልፏል» ብለው አይለፉት። ጥይቱን ወደ አፈሙዝ ገፍቶ የሚዘጋው መቀርቀሪያ የሚከፈት ከሆነ ይክፈቱት፤ በዓይን ብቻ ሳይሆን በጣትዎም ጭምር ይዳብሱት። ዝገት ይዞት የማይከፈት ከሆነ ቀጭን የእንጨት ዘንግ በአፈሙዙ ጫፍ በኩል ቀስ አድርገው እስኪቆም ድረስ ያስገቡ፤ ጫፉ ላይ ምልክት ያድርጉና አውጥተው በጠመንጃው ጎን ያስተኙት። ዘንጉ መቀርቀሪያው ፊት ድረስ ከደረሰ ባዶ ነው። ጥቂት ሴንቲሜትር ቀድሞ ከቆመ ግን ውስጡ አንድ ነገር አለ። የተርብ ቤት ወይም የተረሳ ጨርቅ ሊሆን ይችላል፤ ጥይትም ሊሆን ይችላል። በዚያን ጊዜ አያሙቁት፣ አይምቱት፣ ውኃ ውስጥ አይክተቱት። ለባለሙያ ያሳዩት። ከመቶ ዓመት በላይ የተኛ ጥይት ሞቷል ብሎ የሚምል ሰው ካገኙ አይመኑት።

ባዶነቱ ከተረጋገጠ በኋላ አንድ ተራ እርሳስ ያምጡ። ወጨፎ የምንለው ጠመንጃ በስዊዘርላንዳዊው ፍሬድሪክ ቬተርሊ ንድፍ ላይ ተመሥርቶ ኢጣሊያ እ.ኤ.አ. በ1870 የጦር ሠራዊቷ መሣሪያ አድርጋ የተቀበለችው ነው። የአፈሙዙ ስፋት 10.4 ሚሊሜትር ነበር። መጀመሪያ አንድ አንድ ጥይት በእጅ የሚጎርስ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1887 ደግሞ ቪታሊ የተባለ መኮንን የነደፈው አራት ጥይት የሚይዝ ሣጥን ከሥሩ ተጨመረለት። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጠመንጃ እጥረት ሲገጥማት ኢጣሊያ ከእነዚህ ብዙዎቹን መልሳ አውጥታ፣ አፈሙዛቸውን ቦርቡራ፣ 6.5 ሚሊሜትር የሆነ ቱቦ ውስጣቸው አስገብታ የአዲሱን ጠመንጃዋን የካርካኖን ጥይት እንዲተኩሱ አደረገቻቸው። እርሳሱ አፈሙዙ ውስጥ ሰፍቶት እየተንቀሳቀሰ ከገባ በእጅዎ ያለው የጥንቱ ነው፤ አልገባም ካለ የተለወጠው ነው። ይህ የዓመታት ልዩነት ብቻ አይደለም። የጥንቱ ወጨፎ አያትዎ የሚያውቁት፣ ከዐድዋ ዘመን ጋር የሚዛመደው ነው። የተለወጠው ግን ከዐድዋ ሃያ ዓመት በኋላ የተሠራ ሥራ ስለሆነ ከ1888 ዓ.ም. ጋር አያገናኙት።

የላኩልኝን ፎቶግራፍ እንደማየው የእርስዎ የጥንቱ ይመስላል፤ ሣጥን የለውም፣ አፈሙዙም ሰፊ ነው። እንዲህ ከሆነ በእጅዎ ያለው ቀላል ነገር አይደለም። ኢጣሊያ ለምኒልክ መሣሪያ ስትልክ የነበረው ወዳጅነቱን ፈልጋ ነው። በ1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል በተፈረመበት ዘመን አካባቢ ከኢጣሊያ እጅ ወደ ሸዋ የገቡት ጠመንጃዎች ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፊታቸውን ወደ ሰጪው አዞሩ። ከወጨፎ ጎን የፈረንሣዩ ግራ ጠመንጃ ነበር፤ ስሙ በአፋችን ውጅግራ ሆኗል። በጉንደትና በጉራ ከግብፅ ጦር የተማረከው ረሚንተን ነበር። ሰናድር ነበር፤ በኋላም ምንሽር መጣ። እነዚህን ስሞች አባቶቻችን ሲያነሡ ስለ ብረት ብቻ አልነበረም የሚናገሩት፤ ማን ከማን ጋር ተዋዋለ፣ ማን ማንን ድል ነሣ የሚለውን ነበር። ስለዚህ ጠመንጃውን እንደ ሰነድ ይያዙት ብዬ እለምንዎታለሁ። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ከዚህ የተነሣ ነው።

አሁን ወደ መሣሪያዎቹ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በካቻቢቴ ነው። ከሱቅ የሚገዛው ተራ ካቻቢቴ ምላሱ ወደ ጫፉ እየሳሳ የሚሄድ ሾጣጣ ነው። የዚህ ዘመን ጠመንጃ ብሎን ራስ ላይ ያለው ቦይ ግን ጠባብና ጎኖቹ ቀጥ ያሉ ናቸው። ሾጣጣው ምላስ በቦዩ አፍ ላይ ብቻ ይይዝና ኃይል ሲሰጡት ይዘልላል፤ የብሎኑን ራስ ይቦጭቀዋል፤ አጠገቡ ያለውንም ብረት ይጭራል። አንድ ጊዜ የተቦጨቀ የብሎን ራስ ለዘለዓለም «እዚህ ቸኩለውብኛል» እያለ ይመሰክራል። የጠመንጃ ሠሪዎች ካቻቢቴ ምላሱ ወርድና ውፍረቱ እስከ ጫፉ እኩል ነው፤ በስብስብ ይሸጣል። መግዛት ካልፈለጉ ሁለት ሦስት ተራ ካቻቢቴዎችን በሊማ ጎናቸውን ሞርደው ለእያንዳንዱ ብሎን ልክ ያስተካክሏቸው። እኔ ሥራውን የጀመርኩት እንደዚያ ነው፤ እስከ ዛሬም ለአንዳንድ ብሎን ብቻ የሚሆኑ የሞረድኳቸው ካቻቢቴዎች አሉኝ።

ከዚህ ሌላ የሚያስፈልግዎ ብዙ አይደለም። አፉ ላይ ወፍራም ቆዳ የተለጠፈበት ሞርሳ፣ ወይም ሞርሳ ከሌለ በፎጣ የተሸፈነ ጠረጴዛና ሁለት የአሸዋ ከረጢት፤ ትንሽ የእንጨት ወይም የላስቲክ መዶሻ፤ ከነሐስ የተሠራ መግፊያ ዘንግ፤ የነሐስ ብሩሽ፤ እጅግ ቀጭኑ የብረት ሱፍ፤ ለአፈሙዙ ልክ የሆነ ረጅም መወልወያ ዘንግ ከነጨርቁ፤ ሰርጎ የሚገባ ቀጭን ዘይት፤ ጓንትና የአቧራ መከላከያ። ለዓመታት በመጋዘን የተኛ ዕቃ የአይጥ ኩስና አቧራ ስለሚይዝ መከላከያውን አይናቁት። በኤሌክትሪክ የሚሽከረከር የሽቦ ብሩሽ ካለዎት ግን ለጎረቤት ያውሱት። ዝገቱን ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ያለውን ማኅተም፣ ቁጥርና የፋብሪካ ስም አብሮ ይበላል።

አንድም ብሎን ከመንካትዎ በፊት ፎቶግራፍ ያንሡ። ከላይ፣ ከታች፣ ከግራና ከቀኝ። ከዚያ ወፍራም ካርቶን ወስደው የጠመንጃውን ቅርጽ በእርሳስ ይሳሉበት፤ ያወጡትን እያንዳንዱን ብሎን በወጣበት ቦታ ላይ ካርቶኑን በስተው ይሰኩት። ሁለት የሚመሳሰሉ ብሎኖች በርዝመት በአንድ ሚሊሜትር ሊለያዩ ይችላሉ፤ ረጅሙ ያለቦታው ከገባ ከሥሩ ያለውን ነገር ይወጋል።

ዝገት የያዘው ብሎን ትዕግሥትዎን ይፈትናል። ዘይቱን ይንኩለትና ይተዉት። ነገም ይንኩት፣ ከነገ ወዲያም። በመካከል በእንጨት መዶሻ ራሱን ቀስ ብለው ቆርቆር ያድርጉት። ካልሆነ የጋለ ሳልዳቶሪ ጫፍ የብሎኑ ራስ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ያሳርፉ፤ ብረቱ ሲሰፋና መልሶ ሲኮማተር ዝገቱ ይላቀቃል፤ እንጨቱ እንዳይቃጠል ግን ይጠንቀቁ። ሳምንት ሙሉ ሞክረው እምቢ ካለ ይተዉት። ያልወጣ ብሎን ጉዳት የለውም፤ ተሰብሮ ውስጥ የቀረ ግን ብዙ ጣጣ አለው።

ሲፈቱት በመጀመሪያ ከሥሩ የተሰካውን የመጎስጎሻ ዘንግ ያውጡ። ቀጥሎ አፈሙዙንና እንጨቱን አንድ ላይ ያሰሩትን የብረት ቀለበቶች አላልተው ወደ ፊት ያንሸራትቱ። እንጨቱ አብጦ ቢይዛቸው በብረት አይምቱ፤ ጠንካራ እንጨት ደግፈው ግራና ቀኝ እያፈራረቁ ይግፏቸው። ከዚያ ከመቀርቀሪያው ኋላ ያለውን ረጅም ብሎን ይፍቱና ብረቱን ከእንጨቱ ያንሡ። ሲያነሡ ከፊትም ከኋላም እኩል ይሁን፤ በአንድ ወገን ብቻ ከተነሣ የእንጨቱን ጠርዝ ይፈነክታል። መቀርቀሪያው ውስጥ ያለው ጥምዝ ሽቦ ብርቱ ነው። ስለዚህ ውስጡን መፍታት ካላስፈለገዎት ከነሙሉው በዘይት ነክረው ይወልውሉት። የዓይን ጉዳት ያየሁት እዚህ ላይ ነው።

ብረቱ ከተለየ በኋላ የአፈሙዙን የታችኛውን ወገን ይመልከቱ። እንጨት የሸፈነው ቦታ ስለሆነ ብዙ ጊዜ የሚነበብ ነገር የሚገኘው እዚያ ነው። የኢጣሊያ ፋብሪካዎች፣ ብሬሺያ፣ ቶሪኖ፣ ቴርኒና ቶሬ አኑንዚያታ፣ ስማቸውንና ዓመተ ምሕረቱን ያትሙ ነበር። የሚያገኙትን ሁሉ ይጻፉ።

ዝገትን በተመለከተ ሁለት ዓይነት እንዳለ ይወቁ። ቀዩ ዝገት እርጥበት እየሳበ ብረቱን መብላቱን ይቀጥላል። ጥቁሩ ግን የተረጋጋ ነው፤ እንዲያውም ብረቱን ይጠብቀዋል። ከመቶ ዓመት በላይ የዳበሰው እጅ፣ ጭስና ቅባት የሰጡት ያ ጥቁር ቡናማ ቀለም ቆሻሻ አይደለም፤ አንዴ ከተነሣ ማንም መልሶ አያመጣውም። የእኛ ሥራ ቀዩን ማስቆም ነው። ቀላሉ መንገድ ቀጭን ዘይት ቀብቶ ካሳደሩ በኋላ ጠርዙ ስል በሆነ የነሐስ ቁራጭ ጉብ ጉብ ያለውን ዝገት ብቻ ማንሣት፣ ከዚያም በዘይት በራሰ ቀጭን የብረት ሱፍ ቀስ ብሎ መጥረግ ነው። ነሐስ ከብረቱ የለሰለሰ ስለሆነ አይቧጥጠውም። ኮምጣጤ፣ ሎሚና ለስላሳ መጠጥ ዝገት ያነሣሉ ሲባል ሰምተው ይሆናል። ያነሣሉ፤ ግን አሲድ ቀይና ጥቁር አይለይም፤ ሁሉንም ገፎ እርቃኑን ያስቀረዋል።

ዝገቱ ከዚህ የበረታ ከሆነ ማፍላት አለ። እንጨት በሌለበት፣ ቅባቱ በደንብ ታጥቦ የወጣለትን አፈሙዝ በተጣራ ውኃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ሲያፈሉት ቀዩ ዝገት ወደ ጥቁሩ ይለወጣል፤ ላላ ብሎ የቀረውን በብሩሽ ያራግፉታል። አፈሙዙ ከ85 ሴንቲሜትር በላይ ስለሆነ ድስት አይበቃውም። ከጣራ የሚወርድ የብረት አሸንዳ ቁራጭ ሁለቱን ጫፍ ደፍነው ቢጠቀሙ ይሆናል። ማነጣጠሪያው በቆርቆሮ ብየዳ የተያያዘ ቢሆን እንኳ የፈላ ውኃ ብየዳውን አያቀልጠውም፤ አይሥጉ። ሲያወጡት በራሱ ሙቀት ይደርቃል፤ ወዲያው ዘይት ይቀቡት።

የአፈሙዙን ውስጥ ግን በዘይት ብቻ አያጽዱት። የድሮ ባሩድና የድሮ ጥይት መለኮሻ ሲተኮስ ጨው ይተዋል፤ ጨው ደግሞ ከአየር እርጥበት እየሳበ ብረቱን ከውስጥ ይቦረቡረዋል። ጨውን ዘይት አያሟሟውም፤ ውኃ ነው የሚያሟሟው። ስለዚህ በመጀመሪያ ብዙ የሞቀ ውኃ ያሳልፉበት፣ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ደጋግመው ይወልውሉ፣ በመጨረሻ ዘይት። የድሮ ወታደሮች አፈሙዛቸውን በሙቅ ውኃ ያጥቡ የነበረው ከልማድ ብቻ አልነበረም። በእኛ ዘንድ የነበረውን የሞራ ቅባት በተመለከተ ደግሞ፣ ሞራ ለጊዜው ውኃን ይከላከላል፣ ሲቆይ ግን ይገማል፤ የገማ ስብ ውስጥ የሚፈጠረው አሲድ ብረቱ ላይ ነጠብጣብ ይተዋል። ቀለበቶቹ ሥር አረንጓዴ ወይም ቡናማ ሰም የመሰለ ነገር ካገኙ ያ ነው፤ በላምባ ያብሱት።

አሁን ወደ እንጨቱ፣ በተለይም ወደ ጠፍሩ እንምጣ። ከላኩልኝ ፎቶግራፎች ሁሉ ቆም ብዬ ያየሁት የሰደፉን አንገት ነው። የዚህ ዓይነት ጠመንጃ የሚሰበረው እዚያ ነው፤ እንጨቱ እዚያ ቀጭን ነው፤ ከፈረስ ወይም ከበቅሎ ሲወድቅ፣ ወይም ባለቤቱ በሰደፉ ሲማታ ይሰነጠቃል። በአንድ ወቅት፣ የት እንደሆነ የማናውቀው ሰው፣ ያልለፋ ጥሬ ቆዳ ወስዶ፣ ነክሮ፣ ጠርዙን አስተካክሎ በጥንቃቄ ቆርጦ፣ እርጥቡን አጥብቆ ጠመጠመበት፤ ከዚያ ፀሐይ ላይ አደረቀው። ጥሬ ቆዳ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ የተሰነጠቀውን እንጨት አጣብቆ እንደ ብረት ይይዘዋል። ሙጫም ሚስማርም አላስፈለገም። ያ ሰው ምናልባት የሰፌድ ጠርዝ፣ የማረሻ ድግር፣ የአልጋ ጠፍር ሲሠራ የኖረ ነው፤ የሚያውቀውን ብልሃት ወደ ጠመንጃው አመጣው። የኢጣሊያ ፋብሪካ የሠራው ጠመንጃ የኢትዮጵያ ጠመንጃ የሆነው በዚያች ቀን ነው ብል አላጋነንኩም።

ስለዚህ ጠፍሩን አያንሡት። «አውጥቼ ስንጥቁን ላጣብቅ፣ ከዚያ አዲስ ልጠምጥም» ብለዋል፤ አይሆንም። የደረቀ ጠፍር ካልነከሩት አይፈታም፤ ከነከሩት ይለሰልሳል፣ ያብጣል፣ ዳግመኛ እንደ ነበረው አይመለስም። እንጨቱ ከሥሩ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ቀጭን የተደረገ የቆዳ ሙጫ በመርፌ ከጠፍሩ ጠርዝ ወደ ስንጥቁ ያንጠባጥቡ፤ አንድ ቀን ታስሮ ይደር። የቆዳ ሙጫ በሙቀትና በእርጥበት መልሶ የሚፈታ ስለሆነ ወደፊት የሚመጣ ባለሙያ ቢያስፈልገው ሥራዎን ማስተካከል ይችላል። ዘመናዊ ሙጫ የሚይዘው ይበልጥ ነው፤ ግን ከያዘ በኋላ አይለቅም። የማይተኮስበት ጠመንጃ ያን ያህል ጥንካሬ አያስፈልገውም። ጠፍሩን ራሱን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ አቧራውን ብቻ ያራግፉለት፤ ዘይትም እንፋሎትም አይድረስበት።

የቀረውን እንጨት ከጥቂት ተርፐንታይን ጋር በጥጥ ጨርቅ ይጥረጉት። ጨርቁ ሲጠቁር ይለውጡ፤ እንጨቱ ራሱ መቅላት ሲጀምር ያቁሙ። ስለ ብርጭቆ ወረቀት አንድ ነገር ልንገርዎት። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ሰው ከወሎ የመጣ የአባቱን ጠመንጃ አምጥቶልኝ ነበር። ሰደፉ እንደ መስታወት ያበራል። «ምን አደረጋችሁት?» ብዬ ብጠይቀው፣ አንድ የቤት ዕቃ ባለሙያ ፍቆ ቫርኒሽ ቀብቶት ነበር። «እዚህ ጋ የአባቴ ስም ተቀርጾ ነበር» ብሎ በጣቱ ባዶውን እንጨት ነካ። ያን ጣት አልረሳውም። በእርስዎ ሰደፍ ላይ በፎቶግራፉ ጥግ «፫፻፵፪» የሚል የግዕዝ ቁጥር ተቀርጿል፤ ልብ ብለውታል? ከአቧራው ሥር ደብዝዞ ስለሚገኝ አላዩትም ይሆናል። ሦስት መቶ አርባ ሁለት። የመዝገብ ቁጥር ሳይሆን አይቀርም። ለመጥፋት በብርጭቆ ወረቀት ጥቂት ምት ይበቃው ነበር።

እንጨቱ ደርቆ ከሆነ የተፈላ የተልባ ዘይት ጥቂት ጠብታ በመዳፍዎ እያሹ ይቀቡት፤ የተረፈውን ወዲያው ያብሱ፣ ቀን ሰጥተው ይድገሙ። ሁለት ጊዜ ይበቃል። አሁን የምለውን ግን በጥብቅ ይያዙ፦ የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጠቅልሎ ወይም ተቆልሎ ከተቀመጠ በራሱ ይግላል፣ በራሱ ይነዳል። ዘይቱ ሲደርቅ ከአየር ጋር እየተዋሐደ ሙቀት ያወጣል፤ ጨርቁ ያ ሙቀት እንዳይወጣ ያፍነዋል። ምድር ቤትዎ ውስጥ ቅርጫት ውስጥ ጥለውት ቢተኙ ቤት ሊያቃጥል ይችላል። ጨርቁን ውጭ ዘርግተው ያድርቁት፤ ወይም ውኃ ባለበት ክዳን ያለው ቆርቆሮ ውስጥ ይክተቱት።

የጠፉትን ሁለት ብሎኖች በተመለከተ፣ ከመደብር የሚገኝ ብሎን አስገድደው አያስገቡ። የዚያ ዘመን የኢጣሊያ ብሎን ጥርስ ከዛሬው ጋር አይገጥምም፤ ቢገባ እንኳ የውስጡን ጥርስ እየበላ ነው። የድሮ መለዋወጫ የሚሸጡ ነጋዴዎች አሉ፤ ከሌላ ወጨፎ የወጣ ይገዙ። እስኪያገኙ ድረስ ቀዳዳውን በለስላሳ እንጨት ውታፍ ይድፈኑት። የመለዋወጫው ቁጥር ከጠመንጃው አካል ቁጥር ጋር እንዲመሳሰል አይድከሙ። በኢትዮጵያ የኖረ ጠመንጃ ከሁለት ከሦስት ጠመንጃ ተገጣጥሞ መገኘቱ የተለመደ ነው፤ ያም የራሱ ታሪክ ነው።

መገጣጠሙ የፈቱት ተቃራኒ ነው፤ ከፈቱት የሚለየው በእጅ ስሜት ነው። ብረቱን እንጨቱ ውስጥ ሲያስተኙት በራሱ ክብደት መቀመጥ አለበት። እምቢ ካለ አይጫኑት፤ አንድ ቦታ ዝገት ወይም የደረቀ ቅባት ቀርቷል፤ አውጥተው ይፈልጉት። ብሎኖቹን ሁሉ መጀመሪያ በጣት ብቻ ያስይዙ፤ ሁሉም ቦታቸውን ከያዙ በኋላ በካቻቢቴ እየተዘዋወሩ ጥቂት ጥቂት ያጥብቁ። ሲይዝ ይብቃዎት፤ እንጨቱ ያረጀ ነው፣ ተጨማሪ ሩብ ዙር ይሰነጥቀዋል። መቀርቀሪያውን ከፍተው ይዝጉ፤ በባዶው ግን ምላጩን አይሳቡ፤ ያረጀ ጥምዝ ሽቦና መርፌ በዚህ ይሰበራሉ። በመጨረሻ ብረቱን ሁሉ ሙዚየሞች በሚጠቀሙበት ዓይነት ቀጭን ሰም ቀብተው በለስላሳ ጨርቅ ይወልውሉት። ዘይት አቧራ ይይዛል፤ ሰም አይይዝም። ከዚህ በኋላ በባዶ እጅ ባይነኩት ይመረጣል፤ የእጅ ላብ ጨው ነው፤ የጣት አሻራ በብረት ላይ ዝገት ሆኖ ሲወጣ አይቻለሁ።

ሲሰቅሉት ከእሳት ምድጃው በላይ አይስቀሉት፤ ሙቀቱ እንጨቱን ያደርቀዋል፣ ጠፍሩንም ይጎትተዋል። የቆዳ ልብስ ካለው ከጎኑ ይስቀሉት እንጂ ውስጡ አያኑሩት፤ ለቆዳ ማልፊያ የዋለው ነገር ብረት ይበላል። መቀርቀሪያውን አውጥተው ለብቻ ቢቆልፉበት ልጅ ላለበት ቤት ደኅና ነው። አሮጌ ቢሆንም ልጁ እንደ ማንኛውም ጠመንጃ እንዲያከብረው ያስተምሩት።

ስለ መተኮሱ እንግዲህ። የወጨፎ መቀርቀሪያ የሚቆለፈው ከኋላ ባሉት ሁለት ጥርሶች ነው፤ የተነደፈውም ለጥቁር ባሩድ ዝቅተኛ ግፊት ነው። የእርስዎ አፈሙዝ በዝገት ተቦርቡሯል፤ የሰደፉ አንገት ተሰንጥቋል። ሲተኮስ የሚመለሰው ኃይል በቀጥታ የሚያርፈው በዚያ አንገት ላይ ነው፤ ከአንገቱ በላይ ደግሞ ያለው የእርስዎ ፊት ነው። የተለወጠው 6.5 ቢሆን ኖሮ መልሴ ከዚህም ይበልጥ የጠነከረ ይሆን ነበር፤ ለጥቁር ባሩድ የተሠራን አካል የዘመናዊ ባሩድ ግፊት እንዲሸከም ጣሊያኖች አስገድደውታልና።

ስለ ሕጉ አጭር ቃል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የፌዴራል ሕግ እስከ 1898 ድረስ የተሠራን ጠመንጃ እንደ ጥንታዊ ዕቃ ይቆጥረዋል፤ አፈሙዙ ላይ የሚያገኙት ዓመት ለዚህም ይጠቅምዎታል። የክፍለ ግዛት ሕግ ግን ሊለይ ስለሚችል ይጠይቁ። በጥያቄዎ የጠቀሷቸው፣ ጎጃም ያሉት አጎትዎ በእጃቸው ያለውን የአያትዎን ወጨፎ እንዲልኩልዎ አስበው እንደሆነ ደግሞ፣ በኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፤ ስለ ቅርስ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992ም አለ፤ ያለ ፈቃድ ቅርስ ከአገር ማውጣት አይቻልም። አጎትዎ ፈቃድ እንዳላቸው ያረጋግጡ፤ ጠመንጃውም እዚያው ይቆይ። ይህን ጽሑፍ ግን ቢያነቡላቸው እወዳለሁ፤ ምናልባት በሞራ እየወለወሉት ይሆናል።

የካቲት 23 ቀን ልጅዎን አጠገብዎ ያስቀምጡና «፫፻፵፪»ን እንዲያነብ ያድርጉት። የግዕዝ ቁጥር የማያውቅ ከሆነ ለዚያ ቀን የሚበቃ ሥራ አግኝታችኋል። እስከዚያው አፈሙዙን ከእንጨቱ ከማንሣትዎ በፊትና ካነሡ በኋላ ያለውን ፎቶግራፍ ይላኩልኝ፤ ከሥሩ የተጻፈውን አብረን እናነባለን።